የሙሳ ሐጂ እስማዒል ገላል ታሪክ

ሐርጌሳ በ1988 ዓ. ም. በአውሮፕላንና በመድፍ ፈርሳ ዳግመኛ ስትሠራ ነዋሪዎቿ ካቋቋሟቸው ታላላቅ ነገሮች አንዱ በ2000 ዓ. ም. የተከፈተው ዩኒቨርሲቲ ነው (በዚህ ጽሑፍ የሚነሣው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው)። የሎንዶኑ ኪንግስ ኮሌጅም ከዚያው ዓመት ጀምሮ ከሶማሌላንድ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ጋራ ተወዳጅቶ፥ ሐኪሞችንና መምህራንን እየላከ ብዙ ዓመት አስተምሯል። ይህን የሰማ ሰው የሎንዶንና የሶማሌላንድ የትምህርት ዝምድና በዚያን ጊዜ የተጀመረ ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን አገሪቱ አንድ ዩኒቨርሲቲ ስንኳ ሳይኖራት ከሎንዶን ዩኒቨርሲቲ ጋራ ረዥምና ፍሬያማ ሥራ የሠሩ ሰው ነበሩ፤ እኒህም ሙሳ ሐጂ እስማዒል ገላል ናቸው።

ሙሳ የተወለዱት በ1910ዎቹ ዓመታት፥ አገሩ በእንግሊዝ ጥበቃ ሥር በነበረበት ጊዜ፥ ግመል አርቢ ከሆነው ሕዝብ ነው። ይህ ሕዝብ ዝናብን በከዋክብት የሚጠብቅ፥ ክሱንም ዕርቁንም በግጥም የሚናገር ነው። እርሳቸውም አድገው በመንግሥቱ የትምህርት ክፍል መምህር ሆኑ።

በዚያን ዘመን የሶማሌ ቋንቋ ሁሉ የተስማማበት ፊደል አልነበረውም። የበርበራ ነጋዴ በጎቹን ወደ ዓደን ሲጭን ውሉን በዐረብኛ ያጽፋል፤ ዳኛ ፊት የሚቆመው ባላገር አቤቱታውን በሶማሊኛ ተናግሮ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ያገኘዋል። ሰው በገዛ ቋንቋው የተናገረውን በገዛ ቋንቋው ሊያነበው አይችልም ነበር። በአስተርጓሚነት ለኖረ ሰው ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ማስረዳት አያስፈልገውም፤ ቃል ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ሲሻገር በመንገድ የሚቀረው ብዙ ነው።

ይህን ችግር ለማጥናት የእንግሊዝ መንግሥት ቦጉሚል አንድርዜየቭስኪ የተባለውን ወጣት ምሁር ወደ ሶማሌላንድ ላከ። ሰውዬው የፖሎኝ ተወላጅ ሲሆን አገሩ በጦርነት ስለ ተያዘ ተሰድዶ በቶብሩክ የተዋጋ፥ በኋላም በኦክስፎርድ የተማረ ነው። የትምህርቱ ክፍል ሙሳን እንዲረዱት ሰጠው። ሁለቱ ሰዎች ተቀምጠው የቋንቋውን ድምፅ አንድ በአንድ መረመሩ። ለምሳሌ ወንድ ልጅም ሴት ልጅም በሶማሊኛ ኢናን ይባላሉ፤ የሚለያቸው የድምፁ አነሣሥ በፊተኛው ወይም በኋለኛው ክፍል ላይ መሆኑ ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ረቂቅ ነገር ከመጽሐፍ ማግኘት አይቻልም፤ ጆሮ ያለው እንግዳና ትዕግሥት ያለው የአገር ልጅ ይፈልጋል።

ከዚያም ሙሳ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ወደ ሎንዶን ሄደው በዩኒቨርሲቲው የምሥራቅና የአፍሪቃ ጥናት ትምህርት ቤት ሠሩ። በ1954 ሶማሊኛን በዐረብ ፊደል ለመጻፍ ራሳቸው ያዘጋጁትን ስልት አሳተሙ። በ1956 ደግሞ የሶማሌ ጥበብ ለማለት ሒክመድ ሶማሊ የተባለው መጽሐፋቸው በኦክስፎርድ ማተሚያ ቤት ወጣ። በዚህ ላይ ጥቂት ማለት ይገባል። በዚያ ዘመን የአገሩ ሊቅ የነገረውን የውጭ አገሩ መምህር በስሙ ያሳትመዋል፤ የነጋሪው ስም በመቅድሙ ምስጋና ውስጥ ይቀራል። በዚህ መጽሐፍ ግን ደራሲው ሙሳ ናቸው፤ አንድርዜየቭስኪ የሰዋስው መግቢያና ማብራሪያ የጨመረ አዘጋጅ ነው። ለእኔ የዚህ ወዳጅነት እውነተኛነት የሚታየው ከማናቸውም የስምምነት ወረቀት ይልቅ በዚህ ነው። ሚዛኑ ግን ፈጽሞ እኩል ነበረ አልልም፤ የዩኒቨርሲቲው ወንበርና ቤተ መጻሕፍቱ በሎንዶን ነበሩ፥ ሙሳ ግን ሲመለሱ በአገራቸው እንዲህ ያለ ቦታ አልጠበቃቸውም።

በ1960 ሰሜኑና ደቡቡ ነጻ ወጥተው ሲዋሐዱ አዲሱ መንግሥት የፊደሉን ነገር እንዲመረምር የቋንቋ ጉባኤ አቆመ፤ ሊቀ መንበሩም ሙሳ ሆኑ። በፊታቸው የዐረብ ፊደል፥ ዑስማን ዩሱፍ ኬናዲድ ያወጣው የዑስማንያ ፊደልና የላቲን ፊደል፥ ሌሎችም ቀረቡ። ሙሳ የራሳቸው የድካም ፍሬ በዐረብ ፊደል የተሠራ ሆኖ ሳለ፥ ጉባኤው ለማተሚያና ለጽሕፈት መኪና የሚቀለው ላቲኑ ነው ብሎ ሲፈርድ የውሳኔው መሪ እርሳቸው ነበሩ። የገዛ ሥራውን ወደ ጎን አድርጎ ለሌላው የሚመሰክር ሊቅ ብዙ አይገኝም። ተቃውሞው ግን ብርቱ ነበር፤ ላቲን የሚለውን ስም ሃይማኖት የለሽ በሚል የዐረብኛ ቃል እየለወጡ የሚቀልዱ ነበሩና መንግሥቱ ነገሩን አቈየው።

በ1966 ዩኔስኮ ሌላ ጉባኤ ላከ። አንዱ አንድርዜየቭስኪ ሲሆን ሁለቱ በግዕዝና በአማርኛ ጥናት ስማቸው የታወቀው ስትሬልሲንና ቱቢያና ነበሩ፤ እነርሱም ላቲኑን ደገፉ። ፍጻሜው የሆነው ጥቅምት 1972 ነው፤ በዚያን ጊዜ የላቲን ፊደል የመንግሥት ጽሕፈት መሆኑ ታወጀ፥ ሹማምንቱና ጸሐፊዎቹም በጥቂት ወራት ውስጥ አጥንተው እንዲሠሩበት ታዘዙ። የታወጀው አጻጻፍ በተለይ የሽሬ ጃማዕ አሕመድ ሥራ ነው፤ ሆኖም መንገዱን ቀድመው የጠረጉት ሙሳ መሆናቸው የሚካድ አይደለም።

በዚህ ሁሉ መካከል እርሳቸው የሕዝቡን ግጥምና ታሪክ ከመሰብሰብ አላረፉም። በ1963 ከአንድርዜየቭስኪ ጋራ ሆነው የባለቅኔዎችን የግጥም ሙግት አሳተሙ። በ1968 ደግሞ አርቢዎች ከዋክብትን አይተው ወቅትን የሚለዩበትን፥ ዝናብንና ድርቅን የሚጠባበቁበትን ዕውቀት የያዘ ጽሑፍ በሞቃዲሾ አወጡ። በ1980 ዐረፉ። ስለ ከዋክብትና ስለ ወቅቶች የጻፉት ሌላው መጽሐፍ የታተመው ከሞቱ በኋላ፥ በ1992 ነው።