የእስክንድርያው ቀለምንጦስና የልቡና ክብር

ጢጦስ ፍላቭዮስ ቀለምንጦስ የተወለደው በ150 ዓ.ም. ገደማ ነው (ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በወጣትነቱ የግሪኮችን ፍልስፍናና ቅኔ ጠንቅቆ ተማረ። ክርስቲያን ከሆነ በኋላ መምህር ፍለጋ ከግሪክ ወደ ደቡብ ኢጣልያ፣ ከዚያም ወደ ምሥራቅ ተጓዘ። በመጨረሻ ግብፅ ውስጥ ጰንጤኖስ የተባለውን ሊቅ አገኘና መንከራተቱን አቆመ። ከጰንጤኖስም በኋላ በእስክንድርያ የማስተማሩን ሥራ እርሱ ቀጠለ።

እስክንድርያ የመጻሕፍትና የክርክር ከተማ ነበረች። ከእርሱ ጥቂት ቀደም ብሎ ባሲሊደስ የተባለው የግኖስቲኮች መምህር አስተምሮባታል፤ ቫለንቲኖስም የተማረው በዚያው ነው። በቫለንቲኖስ ተከታዮች ትረካ አብን ሊያውቅ የሚችለው ከእርሱ በቀጥታ የወጣው ልቡና ብቻ ነው። ከሰማያውያኑ ሁሉ ታናሽ የሆነችው ጥበብ ግን አብን ለማወቅ ደፈረችና ወደቀች፤ ይህ ግዙፍ ዓለምም የተገኘው ከእርሷ ሐዘንና ድንጋጤ ነው። ሰዎችንም በሦስት ይከፍሏቸዋል፤ መንፈሳውያኑ በተፈጥሮአቸው ድኅነት የተረጋገጠላቸው ናቸው፣ ነፍሳውያኑ በእምነትና በምግባር ይደክማሉ፣ ምድራውያኑ ግን ተስፋ የላቸውም።

ቀለምንጦስን ከሁሉ ይበልጥ ያስቆጣው ይህ አከፋፈል ነበር። ዕውቀት ከውልደት ጋር የሚመጣ ዕድል ከሆነ፣ ምርጫ ምን ይሠራል? ጥምቀትስ? የመምህርስ ድካም ለማን ይጠቅማል? በሌላው ወገን ደግሞ ተራ እምነት ይበቃናል፣ ፍልስፍና የሰይጣን ፈጠራ ነው የሚሉ ክርስቲያኖች ነበሩበት። ለነዚህ የሰጠው መልስ ፍልስፍና ለግሪኮች፣ ኦሪት ለዕብራውያን እንደ ሆነችው ሁሉ፣ መንገድ ጠራጊ ነበረች የሚል ነው።

በእርሱ አስተሳሰብ የእግዚአብሔር መልክ ቃሉ ነው፤ የሰው ልቡና ደግሞ የዚያ መልክ መልክ ነው። ይህም ለጥቂቶች የተለየ ስጦታ አይደለም። ሴቶችም ባሪያዎችም ፍልስፍናን መማር እንደሚገባቸው ጽፏል፤ ለዘመኑ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። እምነት መሠረቱ፣ ዕውቀት በላዩ የሚታነጸው ሕንጻ ነው፤ ፍጻሜውም ፍቅር ነው። ግኖስቲክ የሚለውንም ስም ለተቃዋሚዎቹ አልለቀቀም፤ በትምህርትና በምግባር ለበሰለው ክርስቲያን ሰጠው እንጂ።

ከሥራዎቹ ታላቁ ስትሮማታ ነው። ትርጉሙ ከልዩ ልዩ ክር የተሠራ ምንጣፍ እንደ ማለት ሲሆን፣ ስምም ያወጣለታል፤ ሐሳቡን ሆን ብሎ በታትኖ ስላስቀመጠው አንባቢው ይደክማል። ፍጹሙን ዐዋቂ ሲሥልም ከማናቸውም ስሜት የራቀ ያደርገዋል። ጌታም ይበላ የነበረው ሥጋው ምግብ አስፈልጎት አይደለም እስከ ማለት ደርሷል። እዚህ ላይ ከሚከራከራቸው ሰዎች እምብዛም አልራቀም። በ9ኛው መቶ ዓመት የቁስጥንጥንያው ፎትዮስ ሌሎች ጽሑፎቹን በብርቱ ነቅፏል፤ በ16ኛው መቶ ዓመት መጨረሻም ስሙ ከሮማ ቤተ ክርስቲያን የቅዱሳን መዝገብ ወጣ።

በ202 ዓ.ም. ገደማ፣ በንጉሠ ነገሥት ሴፕቲሞስ ሴቬሮስ ዘመን ስደት በተነሣ ጊዜ እስክንድርያን ለቆ ወጣ። በ211 ዓ.ም. አካባቢ የቀድሞ ተማሪው እስክንድሮስ ከእስር ቤት ለአንጾኪያ ምእመናን የጻፈውን ደብዳቤ ያደረሰው እርሱ ነበር። ያረፈው በ215 ዓ.ም. ገደማ ነው።

ሊነቅፋቸው ከቫለንቲኖሳዊው ቴዎዶጦስ ጽሑፎች የገለበጣቸው ክፍሎች ለብዙ መቶ ዓመታት ግኖስቲኮች በራሳቸው አንደበት ከሚሰሙባቸው ጥቂት ምንጮች አንዱ ሆነው ኖሩ። በ1945 በላይኛው ግብፅ፣ በናግ ሐማዲ አጠገብ 13 የቅብጥ ጥራዞች ተገኙ፤ አብዛኞቹ የግኖስቲኮች ናቸው። በሰባተኛው ጥራዝ ውስጥ ግን የሲልዋኖስ ትምህርት የተባለ፣ ግኖስቲካዊ ያልሆነ ጽሑፍ አለ። አንባቢውን ልቡናህን መሪ አድርግ እያለ የሚመክር ነው፤ ሊቃውንትም ከቀለምንጦስ አስተሳሰብ ጋር በብዙ ሲመሳሰል አግኝተውታል።