ከሰያ ደብር እስከ ፒተርስበርግ፤ አፉ የተያዘው ልጅ

የእህቴ ልጅ ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ ለትምህርት ወደ ቡዳፔስት ሄደ። ከሶዶ ሲነሣ እናቱ ዳጣ በጠርሙስ ሞልታ ሻንጣው ውስጥ ሸጉጣለታለች። በሦስተኛው ቀን ሲደውል ስለ ምግቡም ሆነ ስለ ትራሙ አላነሳም። ያስጨነቀው ሌላ ነገር ነበር። ሱቅ ገብቶ ጨው የት እንዳለ መጠየቅ አቅቶት፣ ሻጯ እንደ ሕፃን በእጅ ምልክት ስታናግረው፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱን እንደ ደደብ ቆጠረ። ከዩኒቨርሲቲ በማዕረግ የተመረቀ ልጅ ነው።

ስልኩን ዘግቼ የተቀመጥኩት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምን እያሰብኩ ነበር።

እኒህን ሰው እያንዳንዱ ሙያ በራሱ መንገድ ያውቃቸዋል። ለቴአትር ሰዎች የ“ፋቡላ”፣ ማለትም የመጀመሪያው ዘመናዊ የአማርኛ ተውኔት ደራሲ ናቸው። ለዲፕሎማቶች በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ስለ ኢትዮጵያ የተከራከሩ መልእክተኛ ናቸው። ለእኛ ለሕግ ተማሪዎች ደግሞ የ1923ቱ ሕገ መንግሥት አርቃቂ ናቸው። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የሰው አገር ቋንቋ ያልገባው አንድ ልጅ ነበር።

ልጁ በ1876 ዓ.ም. ሸዋ ውስጥ ሰያ ደብር ተወለደ። ሐረር ሄዶ በራስ መኮንን ቤት አደገ፤ ራስ መኮንን በ1888 ዓ.ም. ወደ ዓድዋ ሲዘምቱም ተከትሎ ሄደ። ገና አሥራ ሁለት ዓመት አልሞላውም። ከድሉ ማግሥት ሊዎንቲየፍ የተባለው ሩሲያዊ ለትምህርት ይዞት ወደ ሩሲያ አቀና።

ፒተርስበርግ በክረምት ምን እንደምትመስል ማሰብ ነው። በታኅሣሥ ወር ፀሐይ ከስድስት ሰዓት ለማይበልጥ ጊዜ ብቅ ብላ ትጠልቃለች። የኔቫ ወንዝ በረዶ ሆኖ ይጋገራል፤ ሰው በላዩ ይሄድበታል። በሰኔ ደግሞ በተቃራኒው ሌሊቱ አይጨልምም። ዓመቱን ሙሉ ቀኑና ሌሊቱ እኩል ለሚሆንበት ሰው ይህ የተፈጥሮ ሥርዓት የተዛባ ያስመስላል። አንድ ነገር ግን አልተለወጠበትም። የያኔዋ ሩሲያ የምትጠቀመው በዩልዮስ አቆጣጠር ስለነበር ገናውም ፋሲካውም አገር ቤት በሚከበሩበት ቀን ይውሉ ነበር። ዛሬ አውሮፓ የሄደ ተማሪ ታኅሣሥ 29ን ብቻውን ሲያሳልፍ፣ ያ ልጅ ግን ከከተማው ሁሉ ጋር አብሮ ጾሞ አብሮ ይፈስካል። ይህ ምን ያህል እንዳጽናናው እንጃ፤ እኔ ግን ብዙ ይመስለኛል።

ቋንቋው ግን ከዜሮ የሚጀመር ነበር። ኮሎኔል ሞልቻኖፍ የተባለ ሰው ቤቱ አስገብቶ እንደ ልጁ አሳደገው፤ ከተማሩ ሰዎች ጋርም አቀላቀለው። ቀስ በቀስ አፉ ተፈታ፤ ሚካኤሎቭስኪ ከተባለው የመድፈኞች ትምህርት ቤት ገብቶ የጦር መኮንን ሆነ። (ፑሽኪን ቅድመ አያቱ አፍሪካዊ መሆኑን በኩራት ሲናገር የኖረባት ከተማ ናት። የባለቅኔው የተወለደበት መቶኛ ዓመት በ1891 ዓ.ም. ሲከበር ተክለ ሐዋርያት እዚያው ሩሲያ ነበር።)

እዚህ ላይ እንደ ሶዶ ሰው ልለፈው የማልችለው ነገር አለ። ከዚህ ጉዞ ሁለት ዓመት አስቀድሞ፣ በ1887 ዓ.ም.፣ የምኒልክ ጦር ወላይታ ዘምቶ ንጉሥ ጦናን ማርኳል። ከጦሩ ጋር አብሮ የሄደው ፈረንሳዊው ቫንደርሄም ያየውን ጽፎ ትቶልናል። ከዳሞታ ተራራ ሥር ተማርከው የተነዱ የተክለ ሐዋርያት እኩዮች ነበሩ። እነሱም የማያውቁት ቤት ገብተዋል፤ እነሱም የሚሰሙት ቋንቋ አልገባቸውም። ሞልቻኖፍ ግን አልነበራቸውም።

ተክለ ሐዋርያት ከአሥር ዓመት በላይ ቆይተው ሲመለሱ ራስ መኮንን በሕይወት አልነበሩም። ከዚያ በኋላ ያለውን ላሳጥረው። ፋቡላን ጻፉ፤ እንስሳቱ የሚናገሩት ነገር የቤተ መንግሥቱን ሰዎች ስላልጣማቸው ታገደ። በ1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱን ካወረዱት ወገኖች አንዱ ነበሩ። ጨርጨርን ገዙ፤ ዛሬ ጭሮ የምትባለውን አሰበ ተፈሪን ከተማ አቆሙ። የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ።

ከዚያ ሐምሌ 1923 መጣ። ሕገ መንግሥቱን ሲያረቅቁ በአብዛኛው የተመለከቱት የጃፓኑን የሜጂ ሕገ መንግሥት ነው። ሁለት ምክር ቤት አቆመ። የሕግ መወሰኛውን አባላት ንጉሠ ነገሥቱ ይሾማሉ፤ የሕግ መምሪያውን ደግሞ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ መኳንንቱና የየአካባቢው ሹማምንት ይመርጣሉ። ተማሪ ሳለሁ ይህን አንቀጽ አንብቤ አልፌዋለሁ። ዛሬ ከእኒህ ሰው ጋር የምጣላው በዚሁ አንቀጽ ነው።

አያቴ የመሬት ክርክር ነበራቸው። በአንድ ችሎት ፊት ቆመው በወላይትኛ ሲናገሩ፣ የድንበሩን ዛፍ፣ የምስክሮቹን ስም፣ ተረቱን ሁሉ ደርድረው ሲጨርሱ፣ አስተርጓሚው በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጠቀልለው ነበር። ዳኛው የሚያዩት አንድ ቃል የሚወጣው ሽማግሌ ነው። ያልበቃ ሰው። ሶዶ ገበያ ግን ሁለት ሰው ሲጣላ የሚፈለጉት እሳቸው ነበሩ።

ፒተርስበርግ ክፍል ውስጥ አፉ ተይዞ የተቀመጠው ልጅ ያልበቃ አልነበረም፤ ቋንቋው ነው ያልበቃው። ይህን ልዩነት በገዛ ሰውነታቸው የሚያውቁ ሰው ያን አንቀጽ እንዴት ጻፉት? ጠበቃ ሆኜ ልከራከርላቸው እችላለሁ። መኳንንቱ ከዚያ የተሻለ አይፈቅዱም ነበር፤ ንጉሡም የፈለጉት ሥልጣናቸውን መሰብሰብ ነው፤ ጭራሽ ከሌለ ወረቀት ያለ ወረቀት ይሻላል። እውነት ነው። ሕዝቡ እንደራሴዎቹን በቀጥታ እንዲመርጥ የፈቀደው ግን የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ነው፤ ሃያ አራት ዓመት ፈጀ። አያቴ ያን ጊዜ አርጅተዋል።

በሌላ በኩል ሰውየው ለራሳቸው ሲሉ አንገት የሚደፉ አልነበሩም። ጄኔቭ ላይ ከጣሊያን ጋር ተሟገቱ። በ1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አገር ለቀው መውጣታቸውን አጥብቀው ተቃወሙ። ይህም ዋጋ አስከፍሏቸዋል፤ እርሳቸውም ተሰደው ብዙ ዓመት ማዳጋስካር ኖሩ። እዚያም እንደገና የሰው አገር፣ እንደገና የመጀመሪያ ቀናት። አገራቸው ተመልሰው በ1969 ዓ.ም. ሲያርፉ ሕገ መንግሥታቸው ቀርቶ፣ ዘውዱ ራሱ ከወረደ ሦስተኛ ዓመቱን ይዞ ነበር። “የሕይወቴ ታሪክ” የተሰኘው መጽሐፋቸውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ያሳተመው ከሞቱ ሠላሳ ዓመት ገደማ ካለፈ በኋላ ነው።

መጽሐፉን ለእህቴ ልጅ በመንገደኛ ልኬለታለሁ፤ እናቱም ሌላ ጠርሙስ ዳጣ ጨምራለች። አሁን የሃንጋሪኛ ትምህርት ጀምሯል። ጨው በእነሱ ቋንቋ ሾ ይባላል አለኝ።