ቻርልስ ኩሚ ጂያምፊ፡- ጋናን ለሦስት የአፍሪካ ዋንጫ ድሎች ያበቁ አሰልጣኝ

በአፍሪካ እግር ኳስ ታሪክ ብሔራዊ ቡድናቸውን ሦስት ጊዜ ለአህጉሪቱ ዋንጫ ያበቁ አሰልጣኞች ሁለት ናቸው። አንደኛው እ.ኤ.አ በ2006፣ በ2008 እና በ2010 ግብፅን በተከታታይ ለድል ያበቁት ሐሰን ሸሃታ ሲሆኑ፣ ሌላው እ.ኤ.አ በ1963፣ በ1965 እና በ1982 ከጋና ብሔራዊ ቡድን ጋር ዋንጫውን ያነሱት ቻርልስ ኩሚ ጂያምፊ ናቸው። ጂያምፊ ይህን ክብረ ወሰን ለ28 ዓመታት ለብቻቸው ይዘው ቆይተዋል።

የእኚህ አንጋፋ ባለሙያ የሥራ ዘመን ከዋንጫ ቁጥር ያለፈ ትርጉም አለው። ከቅኝ አገዛዝ የተላቀቁ የአፍሪካ አገሮች መሥሪያ ቤቶቻቸውን፣ ትምህርት ቤቶቻቸውንና ሠራዊታቸውን በራሳቸው ዜጎች ለመምራት ይጣጣሩ በነበረበት በዚያ ዘመን፣ የራስ ባለሙያ ለከፍተኛ ኃላፊነት ይበቃል ወይ የሚለው ጥያቄ በእግር ኳስ ሜዳም ይነሳ ነበር። ጂያምፊ ለዚህ ጥያቄ በተግባር መልስ ከሰጡት ቀደምት አፍሪካውያን መካከል አንዱ ናቸው።

ጂያምፊ እ.ኤ.አ ዲሴምበር 4 ቀን 1929 በአክራ ከተማ ተወለዱ። አገራቸው በዚያን ጊዜ ጎልድ ኮስት በሚል ስም በብሪታኒያ አገዛዝ ሥር ነበረች። በአጥቂነት ሥፍራ የሚጫወቱት ጂያምፊ፣ ዝናን ካተረፉባቸው ክለቦች መካከል የኩማሲ ከተማው አሳንቴ ኮቶኮ ይገኝበታል።

እ.ኤ.አ በ1951 ከጎልድ ኮስት የተውጣጣ ቡድን ለተከታታይ የወዳጅነት ጨዋታዎች ወደ ብሪታኒያና አየርላንድ ባቀና ጊዜ ጂያምፊ ከተመረጡት ተጫዋቾች አንዱ ነበሩ። የቡድኑ ተጫዋቾች በአገራቸው እንደለመዱት በባዶ እግራቸው ነበር የተጫወቱት። በኳስ ችሎታቸው የተመልካቾችን አድናቆት ቢያተርፉም አብዛኞቹን ግጥሚያዎች ተሸንፈው ተመልሰዋል። ጉዞው የተፈጥሮ ተሰጥኦ ብቻውን በቂ እንዳልሆነ፣ ትጥቅ፣ የአካል ብቃትና የተደራጀ ሥልጠና እንደሚያስፈልግ ለጎልድ ኮስት ስፖርት በግልጽ ያሳየ ነበር።

ጎልድ ኮስት እ.ኤ.አ ማርች 6 ቀን 1957 ጋና በሚል ስም ነፃነቷን ስታውጅ፣ የአገሪቱ መሪ ክዋሜ ንክሩማ ስፖርትን ከአገር ግንባታና ከአፍሪካ አንድነት ዓላማ ጋር አስተሳስረው መምራት ጀመሩ። ብሔራዊ ቡድኑም በሰንደቅ ዓላማው ላይ ካለው ጥቁር ኮከብ ስያሜውን ወስዶ ጥቋቁር ከዋክብት ተባለ። የስፖርቱን ዘርፍ በበላይነት እንዲመሩ የተሾሙት ኦሄኔ ጃን፣ ቡድኑን ከአውሮፓ ክለቦች ጋር በማጋጠምና ሥልጠናውን በማጠናከር ይታወቃሉ።

የጀርመኑ ክለብ ፎርቱና ዱሰልዶርፍ ወደ ጋና ተጉዞ ባደረጋቸው ጨዋታዎች የጂያምፊ ችሎታ የክለቡን ኃላፊዎች ትኩረት ሳበ። በዚህም የተነሳ እ.ኤ.አ በ1960 ለክለቡ ፈርመው በጀርመን የተጫወቱ የመጀመሪያው አፍሪካዊ እግር ኳስ ተጫዋች ለመሆን በቁ። ቡንደስሊጋ ገና ባልተመሠረተበት በዚያ ወቅት አንድ አፍሪካዊ በጀርመን ሜዳ መሰለፉ ያልተለመደ ነገር ነበር። ጂያምፊ ግን የጀርመን ቆይታቸውን ለመጫወት ብቻ አላዋሉትም። የአሰልጣኝነት ሙያን ቀስመው፣ ያገኙትን ዕውቀት ይዘው ወደ አገራቸው ተመለሱ።

የጋና ብሔራዊ ቡድን እስከዚያ ድረስ በእንግሊዛዊ፣ በስዊድናዊና በሃንጋሪያዊ አሰልጣኞች ሲመራ ቆይቶ ነበር። እ.ኤ.አ በ1963 ጋና አራተኛውን የአፍሪካ ዋንጫ እንድታዘጋጅ ተራው ሲደርሳት ኃላፊነቱ ለጂያምፊ ተሰጠ። አሰልጣኙ ገና 33 ዓመታቸው ነበር። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በአዲስ አበባ ከተመሠረተ ስድስት ወራት ብቻ በመቆጠራቸው፣ የአህጉሪቱን አንድነት አጥብቀው ይሰብኩ ለነበሩት ንክሩማ ውድድሩ ታላቅ ግምት የሚሰጠው ነበር። ቡድኑ በገዛ ሜዳው ቢሸነፍ የሚወቀሰው አሰልጣኙ ብቻ ሳይሆን በራስ ባለሙያ ላይ የተጣለው እምነት ጭምር እንደሚሆን ግልጽ ነበር።

አጀማመሩ አስተማማኝ አልነበረም። ጋና በመጀመሪያው ጨዋታ ከቱኒዚያ ጋር 1 ለ 1 ተለያየች። ቀጣዩ ተጋጣሚ ደግሞ ከአንድ ዓመት በፊት በአዲስ አበባ በይድነቃቸው ተሰማ አሰልጣኝነት ዋንጫውን ያነሳው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን ነበር። ከየምድቡ ለፍጻሜ የሚያልፈው አንድ ቡድን ብቻ በመሆኑ ጨዋታው ወሳኝ ሆነ። ጋና 2 ለ 0 አሸነፈች። ኢትዮጵያ በኋላ ቱኒዚያን 4 ለ 2 በመርታቷ፣ ጋና ከኢትዮጵያ ጋር አቻ ብትወጣ ኖሮ ለፍጻሜ የምታልፈው ኢትዮጵያ ትሆን ነበር።

እ.ኤ.አ ዲሴምበር 1 ቀን 1963 በአክራ በተካሄደው የፍጻሜ ጨዋታ ጋና ሱዳንን 3 ለ 0 አሸንፋ ለመጀመሪያ ጊዜ የአፍሪካ ሻምፒዮን ሆነች። አምበሉ ኤድዋርድ አግሬይ ፊን በፍፁም ቅጣት ምት የመጀመሪያውን ግብ ሲያስቆጥር፣ ዊልበርፎርስ ምፉም ሁለቱን አከለ። በዚሁ ውድድር የኢትዮጵያ ቡድን ለሦስተኛነት ተጫውቶ በግብፅ በመሸነፉ በአራተኛነት አጠናቋል።

ከሁለት ዓመት በኋላ በቱኒዚያ የተካሄደው ውድድር የጂያምፊን የሙያ ብስለት ይበልጥ የፈተነ ነበር። አሰልጣኙ በቀድሞው ድል ሳይዘናጉ ቡድኑን በአብዛኛው በአዳዲስ ወጣቶች አዋቀሩት። ጋና ኮንጎን 5 ለ 2፣ ኮትዲቯርን ደግሞ 4 ለ 1 አሸንፋ ለፍጻሜ ደረሰች። እ.ኤ.አ ኖቬምበር 21 ቀን 1965 በቱኒዝ ከተማ በአስተናጋጇ አገር ደጋፊዎች ፊት በተደረገው የፍጻሜ ፍልሚያ ቱኒዚያ 2 ለ 1 ብትመራም ኦሴይ ኮፊ ባስቆጠረው ግብ ጋና አቻ ሆነች። በጭማሪው ሰዓት ፍራንክ ኦዶይ የማሸነፊያውን ግብ አክሎ ጨዋታው በ3 ለ 2 ውጤት ተጠናቀቀ። ጂያምፊ በሁለት ተከታታይ ውድድሮች፣ አንዴ በአገራቸው አንዴም በተጋጣሚያቸው ሜዳ፣ ዋንጫውን አነሱ።

ያ ቡድን ግን በዓለም ዋንጫ መድረክ አልታየም። የዓለም አቀፉ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ለ1966ቱ የዓለም ዋንጫ ለአፍሪካ ቀጥተኛ ቦታ ባለመስጠቱና የአህጉሪቱ አሸናፊ ከእስያና ከኦሽንያ አሸናፊ ጋር ለአንድ ቦታ እንዲጫወት በመወሰኑ፣ የአፍሪካ አገሮች ከማጣሪያው ራሳቸውን አገለሉ። በዚህ ትግል ጎልተው ከታዩት መካከል ጋናዊው ኦሄኔ ጃንና ኢትዮጵያዊው ይድነቃቸው ተሰማ ይገኙበታል። ውሳኔው ለአፍሪካ እ.ኤ.አ ከ1970ው የዓለም ዋንጫ ጀምሮ አንድ ቋሚ ቦታ አስገኝቷል። ዋጋውን የከፈሉት ግን በብቃታቸው ከፍታ ላይ የነበሩት የጂያምፊ ተጫዋቾችና የዘመን አቻዎቻቸው ናቸው።

እ.ኤ.አ ፌብሩዋሪ 24 ቀን 1966 የንክሩማ መንግሥት በወታደራዊ መፈንቅለ መንግሥት ሲወገድ ኦሄኔ ጃንም ከኃላፊነታቸው ተነሱ። ብሔራዊ ቡድኑ እንደገና በውጭ አገር አሰልጣኝ እጅ ሆኖ እ.ኤ.አ በ1968 እና በ1970 ለፍጻሜ ቢደርስም በሁለቱም ተሸነፈ። እ.ኤ.አ በ1978 ግን በሌላው ጋናዊ አሰልጣኝ በፍሬድ ኦሳም ዱዶ መሪነት ሦስተኛውን ድል አስመዘገበ። ጋና በዚህ ድል የመጀመሪያውን የአፍሪካ ዋንጫ በቋሚነት የራሷ ስታደርግ፣ ከሦስቱ ድሎች ሁለቱ በጂያምፊ የተገኙ ነበሩ።

ለ1982ቱ የሊቢያ ውድድር ዝግጅት ሲደረግ ጋና በከባድ የኢኮኖሚ ችግር ውስጥ ነበረች። የፕሬዚዳንት ሂላ ሊማን መንግሥት ቡድኑን ወደ ሊቢያ ላለመላክ ወስኖ የነበረ ቢሆንም፣ እ.ኤ.አ ዲሴምበር 31 ቀን 1981 ሥልጣን የያዙት ጄሪ ሮውሊንግስ ውሳኔውን ቀየሩ። የ52 ዓመቱ ጂያምፊ በአጭር ጊዜ ውስጥ ተዘጋጅተው ከቡድኑ ጋር ተጓዙ። ከተጫዋቾቹ መካከል በኋላ አቤዲ ፔሌ በሚል ስም ዓለም ያወቀው የ17 ዓመቱ አቤዲ አየው ይገኝበታል።

ጋና በምድቧ ከሊቢያ 2 ለ 2፣ ከካሜሩን ደግሞ ያለ ግብ ተለያይታ ቱኒዚያን 1 ለ 0 በማሸነፍ ወደ ግማሽ ፍጻሜ አለፈች። በዚያም ከጥቂት ወራት በኋላ በዓለም ዋንጫ ምዕራብ ጀርመንን ያሸነፈችውን አልጄሪያን በጭማሪ ሰዓት 3 ለ 2 ረታች። እ.ኤ.አ ማርች 19 ቀን 1982 በትሪፖሊ በተደረገው የፍጻሜ ጨዋታ ከአስተናጋጇ ሊቢያ ጋር 1 ለ 1 ከተለያየች በኋላ በመለያ ምት 7 ለ 6 አሸንፋ አራተኛውን ዋንጫ ወሰደች። ጂያምፊ በመጀመሪያውና በሦስተኛው ድላቸው መካከል 19 ዓመታት ተቆጥረዋል።

ጋና ከዚያ ወዲህ የአፍሪካን ዋንጫ አላነሳችም። በአንጻሩ በዓለም ዋንጫ መድረክ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰለፈችው እ.ኤ.አ በ2006 ሲሆን፣ የውድድሩ አስተናጋጅ ጂያምፊ ከ46 ዓመታት በፊት ለአፍሪካውያን ተጫዋቾች በር የከፈቱባት ጀርመን ነበረች።

ቻርልስ ኩሚ ጂያምፊ እ.ኤ.አ ሴፕቴምበር 2 ቀን 2015 በ85 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። በባዶ እግሩ ከሚጫወት ትውልድ ተነስተው፣ ባሕር ተሻግረው ሙያ ቀስመው በመመለስ ለአገራቸው ያስገኙት ውጤት ኃላፊነትን ለሠለጠነ ዜጋ አምኖ መስጠት ምን ያህል ፍሬ እንደሚያፈራ ያሳያል። ሦስቱም ድሎች የተገኙት ኃላፊነቱ ለአገር ልጅ በተሰጠበት፣ ባለሙያውም አደራውን በብቃት በተወጣበት ጊዜ ነው።