ኳንትዝ፦ ንጉሥን ያረመ የዋሽንት መምህር

ዮሐን ዮአኪም ኳንትዝ እ.ኤ.አ. በ1697 በጀርመን ምድር፣ በጎቲንገን ከተማ አቅራቢያ በምትገኝ ኦበርሼደን በተባለች መንደር ከብረት ቀጥቃጭ አባት ተወለደ። ገና በአሥር ዓመቱ የቲም ሆነ። በመርዘቡርግ የከተማው ሙዚቀኛ የነበረው አጎቱ ቢቀበለውም እርሱም ከጥቂት ወራት በኋላ ሞተ። ልጁ ግን ከአጎቱ ተተኪ ዘንድ ቆይቶ እስከ 1713 ድረስ ቫዮሊን፣ ኦቦና ሌሎች በርካታ መሣሪያዎችን ተማረ።

በ1718 በድሬስደን ቤተ መንግሥት ኦቦ ተጫዋች ሆኖ ተቀጠረ። በኦቦ ብዙ ርቆ እንደማይሄድ ሲረዳ ፊቱን ወደ ዋሽንት አዞረ። ከ1724 እስከ 1727 በኢጣሊያ፣ በፈረንሳይና በእንግሊዝ ተዘዋውሮ ዕውቀቱን አሰፋ።

በ1728 ወደ በርሊን ባደረገው ጉዞ የአሥራ ስድስት ዓመቱ የፕሩሲያ አልጋ ወራሽ ፍሬድሪክ ደቀ መዝሙሩ ሆነ። አባትየው ንጉሥ ከወታደራዊ ሥርዓት ውጪ ለምንም ነገር ትዕግሥት አልነበረውም፤ የልጁንም ዋሽንት ይጠላ ነበር። ትምህርቱ በድብቅ ይሰጥ ነበር። በአንድ ወቅት ንጉሡ በድንገት ሲመጣ መምህሩ በጠባብ ክፍል ተሸሽጎ እንደተረፈ ይተረካል።

ፍሬድሪክ በ1740 ሲነግሥ መምህሩን አልረሳም። በ1741 በዓመት 2000 ታለር ደመወዝ ወደ በርሊን አስመጣው። ንጉሡ ማታ ማታ ዋሽንት ሲጫወት ከሙዚቀኞቹ መካከል አድናቆቱን በድምፅ እንዲገልጽ የተፈቀደለት ኳንትዝ ብቻ ነበር። እርሱ ዝም ሲል ንጉሡ መሳሳቱን ያውቃል።

ኳንትዝ ዕውቀቱን በ1752 ባሳተመው የዋሽንት አጨዋወት መጽሐፍ አስፍሯል። በዚያ በባሮክ ዘመን የዋሽንት ሶናታ በወረቀት ላይ በአብዛኛው ሁለት መስመር ብቻ ነበረው፤ ከላይ ዜማው፣ ከታች ቁጥሮች የተጻፉበት ባስ። መካከሉን የሃርፕሲኮርድ ተጫዋቹ ቁጥሮቹን እያነበበ በቅጽበት ይሞላዋል። ይህን ሶናታ ለዋሽንትና ለአውታር መሣሪያዎች የሚያዘጋጅ ሰው ቁጥሮቹ የሚያመለክቱትን ድምፆች ለሁለት ቫዮሊንና ለቪዮላ አከፋፍሎ ይጽፋል፤ ባሱን ለቼሎ ይተዋል። ሆኖም የእንጨት ዋሽንት ድምፅ ለስላሳ ነው፤ በተለይ ዝቅ ባሉት ድምፆቹ ላይ አውታሮቹ ከበረቱ ዜማው ይዋጣል። ስለዚህ ኳንትዝ አጃቢዎች ብቸኛውን ተጫዋች እንዲያዳምጡና ድምፃቸውን በልኩ እንዲመጥኑ አስተማረ። በራሱ ኮንሰርቶዎችም ዋሽንቱ በሚጫወትበት ቦታ አጃቢዎቹን ብዙ ጊዜ ያሳንሳል።

ወደ 300 የሚጠጉ ኮንሰርቶዎችን ጽፎ በ1773 በፖትስዳም አረፈ። ሳይፈጽመው የቀረውን የመጨረሻ ሥራውን ንጉሡ ራሱ እንደጨረሰው፣ በመቃብሩም ላይ መታሰቢያ እንዳሠራለት ይነገራል።

በሙዚቃ ጉዳይ የዑለማዎች አቋም የተለያየ መሆኑ የታወቀ ነው። የመምህር ሐቅ ግን አያከራክርም። የቀጥቃጭ ልጅ የነበረው የቲም ሠራዊትና ግምጃ ቤት በእጁ የሆነን ንጉሥ አርሟል፤ ንጉሡም እርማቱን ተቀብሏል። የሚያስተምረውን ዕውቀት ለደመወዙ ሲል ያላጣመመ መምህር፣ ሥልጣኑ ከመማር ያላገደው ተማሪ፤ ሁለቱም በየዘመኑ ብርቅ ናቸው።