ሚዛንና ዘውድ፤ የቦክሰኛው ሄንሪ አርምስትሮንግ ሕይወት

ቦክስ በሚዛን ላይ የተመሠረተ ስፖርት ነው። ሁለት ተጋጣሚዎች ጓንት አጥልቀው ከመገናኘታቸው አስቀድሞ ሁለቱም ሚዛን ላይ ይወጣሉ፤ ማን ከማን ጋር ሊገጥም እንደሚችል የሚወስነውም የሚዛኑ ቁጥር ነው። የክብደት ምድብ የወጣው ደካማው በብርቱው እንዳይጎዳ ለመከላከል ነው። ችሎታቸው በተመጣጠነ ሁለት ሰዎች መካከል ግን ጥቂት ኪሎ እንኳ የቡጢውን ጉልበትና ቡጢውን የመቋቋም አቅም ይለውጣል። ይሁን እንጂ አንድ ሻምፒዮን በምድቡ ጸንቶ የሚቆይበት ወይም ወደ ሌላ ምድብ የሚሻገርበት ምክንያት ሁልጊዜ የሰውነቱ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ገበያውና ዝናው፣ የተፎካካሪ መኖርና አለመኖር፣ የማኔጀሩ ስሌትም አብረው ይመዘናሉ። ይህንን ከማንም ይልቅ ግልጥ አድርጎ የሚያሳየው የአሜሪካዊው ቦክሰኛ የሄንሪ አርምስትሮንግ ሕይወት ነው። በዚህ ጽሑፍ የተመለከቱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አርምስትሮንግ በዲሴምበር 1912 በሚሲሲፒ ክፍለ ግዛት፣ ኮሎምበስ በምትባል ከተማ ተወለደ። የልደት ስሙ ሄንሪ ጃክሰን ነበር። ቤተሰቡ እርሱ ገና ሕፃን ሳለ ወደ ሴንት ሉዊስ ተሻገረ፤ እናቱም በልጅነቱ ስለ ሞተችበት ያሳደገችው አያቱ ናት። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን እንደ ጨረሰ በባቡር ሐዲድ ሥራ በቀን ሠራተኛነት ተቀጠረ። በዚያ ዘመን ለጥቁር ወጣት የተከፈተው በር ጠባብ ነበርና፣ በክንዱ ጉልበት ከሐዲድ ሥራ የተሻለ እንጀራ የሚገኝበትን መንገድ ሲፈልግ ከቦክስ ጋር ተገናኘ። አርምስትሮንግ የሚለውን ስምም የወሰደው ካሠለጠነው ወዳጁ ነው።

አነሳሱ ተስፋ የሚሰጥ አልነበረም። በ1931 በፒትስበርግ አካባቢ ባደረገው የመጀመሪያ የሙያ ግጥሚያው በዝረራ ተሸነፈ። ከዚያም ወደ ካሊፎርኒያ ተጉዞ ለዓመታት በትንንሽ መድረኮች በትንሽ ክፍያ ተጋጠመ፤ ወደ ሜክሲኮም ተሻግሮ እየተደበደበም እያሸነፈም ሙያውን ተማረ። በ1936 ኤዲ ሚድ የተባለ ማኔጀር ውሉን ገዛው። ለግዢው ገንዘብ የሰጡት ዘፋኙ አል ጆልሰንና የፊልም ተዋናዩ ጆርጅ ራፍት ነበሩ። በ1937 አርምስትሮንግ 27 ጊዜ ተጋጥሞ 27 ጊዜ አሸነፈ፤ ከእነዚህም 26ቱን ያሸነፈው በዝረራ ነው። በኦክቶበር 29 ቀን 1937 በኒው ዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ፒቲ ሳሮንን በስድስተኛው ዙር ጥሎ የላባ ክብደት የዓለም ሻምፒዮን ሆነ።

የምድብ ዝውውሩ ጉዳይ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። በዚያ ዘመን የክብደት ምድቦች በጠቅላላው ስምንት ነበሩ። የላባ ክብደት ወሰኑ 126 ፓውንድ ወይም 57 ኪሎ ያህል፣ የቀላል ክብደት 135 ፓውንድ ወይም 61 ኪሎ ያህል፣ የዌልተር ክብደት ደግሞ 147 ፓውንድ ወይም 66 ኪሎ ተኩል ያህል ነበር። ሆኖም የሕዝቡ ዓይንና ገንዘቡ የሚያርፉት ከሁሉ በላይ በሆነው በከባድ ክብደት ላይ ነበር። በዚያም ላይ በጁን 1937 ጆ ሉዊስ የከባድ ክብደት ሻምፒዮን በመሆኑ፣ የአሜሪካ ጋዜጦችና የጥቁሩ ሕዝብ ተስፋ በእርሱ ላይ ተተክለው ነበር። ቁመቱ አጭር፣ ሰውነቱ ቀላል የሆነ የላባ ክብደት ሻምፒዮን በዚያ ጥላ ሥር ሊታይ አልቻለም። ስለዚህ ሚድና ደጋፊዎቹ ማንም ያልሞከረውን ዕቅድ አወጡ፤ ይኸውም አርምስትሮንግ ሦስት ዘውዶችን በአንድ ጊዜ እንዲጭን ነው። ዝውውሩ የተወለደው በሰውነት ዕድገት ሳይሆን በገበያ ግፊት መሆኑን ልብ ማለት ይገባል።

ከዌልተር ክብደት ሻምፒዮኑ ከባርኒ ሮስ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ይበልጥ ይጎላል። ሮስ አስቀድሞ የቀላል ክብደት ሻምፒዮን ነበረ። ሰውነቱ እየዳበረ ሲሄድ 135 ፓውንድ ላይ መድረስ ስላስቸገረው በ1935 ያንን ዘውድ ለቆ ወደ ላይ ወጣ። ብዙዎቹ ቦክሰኞች ምድብ የሚለውጡት እንዲህ ነው። አጥንትና ጡንቻ ከዕድሜ ጋር ይከብዳሉ፤ በጾምና በላብ ሚዛኑን ማታለል ጉልበትን የሚበላበት ጊዜ ይመጣል፤ ያኔ ከሚዛኑ ጋር መታገልን ትቶ ከሰው ጋር መታገል ይሻላል። አርምስትሮንግ ግን የሚሸሸው ክብደት አልነበረውም። ከሮስ ጋር በሜይ 31 ቀን 1938 በኒው ዮርክ ሲገናኝ ሮስ 142 ፓውንድ፣ እርሱ ደግሞ 133 ተኩል ያህል ነበሩ። የዌልተር ክብደት ዘውድ ለመውሰድ የወጣው ሰው የቀላል ክብደትን ወሰን እንኳ አልሞላም ማለት ነው።

ታዲያ አራት ኪሎ ያህል የሚከብደውን ሻምፒዮን በምን አሸነፈው? ምስጢሩ በእስትንፋሱና በፍጥነቱ ላይ ነበር። አርምስትሮንግ ከመጀመሪያው ደወል እስከ መጨረሻው ራሱን ዝቅ አድርጎ ወደፊት ይገፋል፤ ተጋጣሚው ርቀት አግኝቶ ክንዱን እንዲዘረጋ ዕድል አይሰጠውም። የልቡ ትርታ ከሌላው ሰው ዝግ ያለ እንደ ነበረና ከግጥሚያ በፊት ብዙ ማሟሟቂያ እንደሚሠራ ይነገርለታል። የክብደትን ብልጫ በድግግሞሽ ይተካው ነበር። ሮስ አሥራ አምስቱን ዙር በእግሩ ቆሞ ቢጨርስም ክፉኛ ተደብድቦ በነጥብ ተሸነፈ፤ ከዚያም ወዲያ ለግጥሚያ አልተመለሰም።

ሦስተኛው ዘውድ ከሁለቱ ይልቅ በደም የተገዛ ነው። በኦገስት 17 ቀን 1938 ከቀላል ክብደት ሻምፒዮኑ ከሉ አምበርስ ጋር ሲጋጠም አምበርስን ሁለት ጊዜ ቢጥለውም የራሱ ከንፈር ተተርትሮ ደሙ መድረኩን ሞላው። ዳኛው ግጥሚያውን እንዳያቆምበት ደሙን እየዋጠ አሥራ አምስተኛውን ዙር ጨረሰ፤ በተከፋፈለ የዳኞች ድምፅም አሸነፈ። በዚያች ሌሊት የላባ፣ የቀላልና የዌልተር ክብደት ዘውዶች በአንድ ራስ ላይ ዋሉ። ይህ ከአሥር ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ የተፈጸመ ነው።

ዘውድ መውሰድ አንድ ነገር ነው፤ መያዝ ሌላ ነገር። የላባ ክብደቱን አንድ ጊዜም ሳይከላከልለት በዚያው ዓመት መጨረሻ ለቀቀው። የቀላል ክብደቱን በኦገስት 1939 ለአምበርስ መለሰ፤ በዚያም ግጥሚያ ከወገብ በታች በመምታት አምስት ዙሮች ተቀንሰውበታል። ጸንቶ የያዘው ከሁሉም የሚከብደውን፣ በገንዘብም የተሻለውን የዌልተር ክብደትን ነበር። በኦክቶበር 1939 ብቻ ይህን ዘውድ አምስት ጊዜ ተከላከለ። ዛሬ አንድ ሻምፒዮን በዓመት ሁለት ጊዜ ቢጋጠም ብዙ ነው የሚባል በመሆኑ፣ በአንድ ወር አምስት ጊዜ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለሙያው ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

ሚዛኑ ግን ሁልጊዜ ሊታለል አይችልም። በማርች 1 ቀን 1940 በሎስ አንጀለስ ለአራተኛ ዘውድ ተነሣ። ተጋጣሚው በከፊል ዕውቅና የነበረው የመካከለኛ ክብደት ሻምፒዮን ሴፌሪኖ ጋርሲያ ነበር። የምድቡ ወሰን 160 ፓውንድ ሲሆን አርምስትሮንግ 142 ያህል ነበረ። ከአሥር ዙር በኋላ ግጥሚያው አቻ ተባለ፤ አራተኛው ዘውድም አመለጠው። በዚያው ዓመት በኦክቶበር 4 ቀን ፍሪትዚ ዚቪክ ዓይኖቹን እስኪዘጋ ድረስ ደብድቦ የዌልተር ክብደቱን ወሰደበት። በጃንዋሪ 1941 ዘውዱን ለማስመለስ ሲሞክር ግጥሚያው በአሥራ ሁለተኛው ዙር ተቋረጠ። ለዓመታት ከራሱ የሚከብዱ ሰዎችን ቡጢ የተቀበለ ሰውነት ዕዳውን በዚያ ከፈለ። ከዚያ በኋላ ተመልሶ እስከ 1945 ቢጋጠምም የቀድሞው አርምስትሮንግ አልነበረም።

ወደ 180 ገደማ ግጥሚያዎች ያደረገው ይህ ሰው ያገኘው ገንዘብ በእጁ አልቆየም፤ መጠጥም ተፈታተነው። በኋላ ግን ፊቱን መልሶ በ1951 የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ሰባኪ ሆነ፤ በሴንት ሉዊስም ወጣቶችን በማሳደግ ሥራ ላይ ተሰማራ። በኦክቶበር 1988 በሎስ አንጀለስ ዐረፈ።

ዛሬ የፕሮፌሽናል ቦክስ ምድቦች አሥራ ሰባት ደርሰዋል፤ ዘውድ የሚሰጡትም ድርጅቶች ብዙ ናቸው። በአርምስትሮንግ ዘመን ከላባ ወደ ዌልተር ሁለት እርምጃ የነበረው አሁን አራት ነው። የክብደት ልኬትም ከግጥሚያው አንድ ቀን አስቀድሞ ስለሚደረግ፣ ብዙዎች ውኃቸውን አድርቀው ወደ ዝቅተኛ ምድብ ይገቡና በማግሥቱ ከብደው ይወጣሉ። ስለዚህ የዛሬው ቦክሰኛ የሚያስቆጥራቸው ምድቦች ብዛት ከአርምስትሮንግ ሦስት ዘውዶች ጋር በቁጥር ብቻ ሊወዳደር አይገባም።

ለአሠልጣኝና ለስፖርት ሐኪም የዚህ ሰው ሕይወት የሚተወው ጥያቄ ቀላል አይደለም። አንድ ቦክሰኛ ምድብ ልለውጥ ሲል፣ የሚጠይቀው ሰውነቱ ነው ወይስ ገበያው? ሰውነቱ ከጠየቀ መፍቀድ ጥበብ ነው። ገበያው ከጠየቀ ግን ዘውዱን የሚያገኙት ብዙዎች ሲሆኑ፣ ዕዳውን የሚከፍለው ሚዛኑ ላይ የቆመው አንድ ሰው ብቻ ነው። አርምስትሮንግ ሦስት ዘውድ ጭኗል፤ የሦስቱንም ዋጋ የከፈለው ግን በአንዲት በቀላል ሰውነቱ ነው።