ሊሊያን ጊልብሬዝ፦ ሙያን፣ ሐዘንንና አሥራ አንድ ልጆችን ባንድነት የተሸከሙ መሐንዲስ

የምርትና የሥራ አመራር ምሕንድስናን ታሪክ ያጠና ባለሙያ ሁሉ ጊልብሬዝ የሚለውን ስም ሳያገኝ አያልፍም። የእጅ ሥራን ወደ ጥቃቅን እንቅስቃሴዎች ከፋፍሎ የሚመረምረው ጥናት ከዚህ ስም ጋር የተቆራኘ ነው። ለነዚያ ጥቃቅን እንቅስቃሴዎች የተሰጠው ቴርብሊግ የተባለው መጠሪያ እንኳ ስሙን ከኋላ ወደ ፊት በመገልበጥ የተገኘ ነው። ይሁን እንጂ ብዙዎች ይህን ስም የአንድ ወንድ መሐንዲስ ስም ብቻ አድርገው ይቆጥሩታል። እኩሌታው የባለቤታቸው የዶክተር ሊሊያን ጊልብሬዝ መሆኑ፣ እርሳቸውም ባላቸው በድንገት ሲሞቱባቸው አሥራ አንድ ልጆች ታቅፈው ሙያውን ሳይጥሉ ወደ ፊት ያራመዱ መሆናቸው በሚገባው መጠን አይታወቅም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሊሊያን ሞለር እ.ኤ.አ. ግንቦት 24 ቀን 1878 በካሊፎርኒያ ግዛት በኦክላንድ ከተማ፣ ኑሮው ከተደላደለ ቤተሰብ ተወለዱ። ከዘጠኝ እኅትማማቾችና ወንድማማቾች ታላቅ ስለ ነበሩ ሕፃን ማሳደግ ምን እንደሆነ ያወቁት ገና በልጅነታቸው ነው። በበርክሊ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ አጥንተው በ1900 ተመረቁ። በዚያ ዩኒቨርሲቲ የምረቃ በዓል ላይ ንግግር እንዲያደርጉ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ሴትም እርሳቸው ነበሩ። በ1902 የማስተርስ ዲግሪያቸውን ተቀበሉ። እስከዚያ ጊዜ ድረስ ከፋብሪካም ሆነ ከግንባታ ሥራ ጋር ያገናኛቸው አንዳች ነገር አልነበረም።

መንገዳቸውን የለወጠው በ1904 ከፍራንክ ጊልብሬዝ ጋር የተደረገው ጋብቻ ነው። ፍራንክ ወደ ከፍተኛ ትምህርት መግባቱን ትተው በ17 ዓመታቸው በግንበኝነት ሥራ የጀመሩ፣ ኋላም የሥራ ተቋራጭ የሆኑ ሰው ናቸው። ገና ጀማሪ ሳሉ ግንበኞች አንዱን ጡብ ለማኖር የሚያደርጉት እንቅስቃሴ ከሰው ሰው የተለያየ መሆኑን አስተዋሉ። ጡቡና ጭቃው ግንበኛው ሳያጎነብስ እጁ በሚደርስበት ከፍታ እንዲቀመጥ፣ መቆሚያውም ከግንቡ ጋር አብሮ ከፍ እንዲል በማድረግ 18 የነበረውን እንቅስቃሴ ወደ አራት ተኩል አወረዱት። ሊሊያን ወደዚህ ሥራ ሲገቡ ያመጡት ሌላ ዓይን ነው። ፍራንክ እጅን ሲመለከቱ ሊሊያን የእጁን ባለቤት ተመለከቱ። ሠራተኛው ለምን ይሰለቻል? ድካሙ ከጡንቻው ነው ወይስ ከመንፈሱ? ዕረፍቱስ መቼና እንዴት ሊሆን ይገባል? እነዚህን ጥያቄዎች ይዘው ወደ ሥነ ልቡና ትምህርት ገቡ። በ1914 የአስተዳደርን ሥነ ልቡና የሚመለከተው መጽሐፋቸው ሲታተም ጸሐፊው ሴት መሆኑ እንዳይታወቅ ስማቸው በመነሻ ፊደላት ብቻ ሰፈረ። በ1915 ከብራውን ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበሉ። ይህ ሁሉ ሲሆን በየጊዜው እየወለዱ፣ እያጠቡና እያሳደጉ ነበር።

ከ1905 እስከ 1922 ባሉት ዓመታት ስድስት ሴቶችና ስድስት ወንዶች ልጆች አፈሩ። ኋላ ከልጆቹ ሁለቱ፣ ፍራንክ ታናሹና ኧርነስቲን፣ በ1948 ባሳተሙት ዝነኛ መጽሐፍ ምክንያት ቤተሰቡ በአሥራ ሁለት ልጆቹ በዓለም ታወቀ። ነገር ግን አሥራ ሁለቱ ልጆች አንድም ቀን በአንድ ገበታ ዙሪያ አልተቀመጡም። ሁለተኛይቱ ልጅ ሜሪ በ1912 በአምስት ዓመቷ በዲፍቴሪያ በሽታ ሞታለች፤ የመጨረሻዋ የተወለደችው ግን ከዚያ ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። እንግዲህ ሊሊያን ባላቸውን ከማጣታቸው አስቀድሞ የሞትን ደጅ የሚያውቁ እናት ነበሩ። ልጅ ቀብሮ ማግሥቱን ለቀሩት ምግብ ማቅረብ፣ ልብስ መቀየር፣ ፀጉር ማበጠር ግድ መሆኑን የተማሩት በዚያን ጊዜ ነው።

በኒው ጀርዚ ግዛት ሞንትክሌር በተባለችው ከተማ የነበረው ቤታቸው መኖሪያም፣ ቢሮም፣ የሙከራ ጣቢያም ነበር። ልጆቹ ጥርሳቸውን ማጽዳታቸውን፣ መታጠባቸውን፣ አልጋቸውን ማንጠፋቸውን በግድግዳ ላይ በተለጠፈ ሰንጠረዥ እየፈረሙ ያረጋግጡ ነበር። የቤቱ ጉዳይ በቤተሰብ ሸንጎ ይመከርበታል። ግዥ የሚፈጽም ኮሚቴ፣ ውሃና መብራት የሚያባክነውን የሚቀጣ ኮሚቴ ነበር። ከተለመደው ድርሻ ውጭ የሆነ ሥራ ሲመጣ ደግሞ በልጆቹ መካከል ጨረታ ይወጣበታል።

ልጆቹ በመጽሐፋቸው እንደተረኩት፣ አንዲቱ ልጅ በስምንት ዓመቷ የጓሮውን ረጅም አጥር ለመቀባት 47 ሳንቲም ዋጋ አቅርባ ጨረታውን አሸነፈች። ሥራው ለዕድሜዋ የከበደ ስለ ነበር አሥር ቀን ፈጀባት፤ እጇም በውኃ ቋጠረ። እናት ልጅቱ ይበቃታል ብለው ቢጨነቁም አባት ውል ውል ነው ሲሉ እስከ መጨረሻው አስቀቧት። ሥራው ሲፈጸም ግን አባት ልጅቱ ስትመኘው የነበረውን ባለ ጎማ መንሸራተቻ ጫማ ገዝተው በትራሷ ሥር አኖሩላት። በዚያ ቤት ሕጉን የሚያጸኑ አንድ ሰው፣ የልጅን ሕመም ቀድመው የሚያዩ ሌላ ሰው ነበሩ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሁለቱም ድርሻ በአንዲት እናት ላይ ሊወድቅ ነው።

ሰኔ 14 ቀን 1924 ፍራንክ ከሞንትክሌር ባቡር ጣቢያ ሆነው ከባለቤታቸው ጋር በስልክ ሲነጋገሩ ልባቸው በድንገት ቆመ። ዕድሜያቸው 55 ነበር። ሊሊያን ገና 46 ዓመታቸው ሲሆን፣ ከልጆቹ የበኩሯ 18፣ የመጨረሻዋ ሁለት ዓመታቸው ነበር። ባልና ሚስት በዚያ ሰሞን ወደ አውሮፓ ሊጓዙ ተዘጋጅተው ነበር፤ በለንደን የዓለም የኃይል ጉባኤ፣ በፕራግ ደግሞ ዓለም አቀፍ የሥራ አመራር ጉባኤ ይጠብቃቸው ነበር።

በዚያ ሰዓት በመበለቲቱ ፊት የነበረው ምርጫ ጠባብ ነው። አንደኛው መንገድ ቤቱን ዘግቶ ወደ ካሊፎርኒያ፣ ወደ ወላጆች ቤት መመለስ ነበር። ያ ቢሆን ልጆቹ ለዕለት ጉርስ አይቸገሩም፤ ሃያ ዓመት የተደከመበት ሙያ ግን ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል፤ ቤተሰቡም የሰው እጅ ጠባቂ ይሆናል። ሁለተኛው መንገድ ሥራውን መቀጠል ነው። ለዚህ ግን ሴት መሐንዲስ ብቻዋን ትሠራለች ብሎ የሚያምን ደንበኛ ያስፈልጋል፤ እርሱንም ማሳመን የሚቻለው ጉባኤው ሳያልፍ በዓለም ባለሙያዎች ፊት በመቆም ነበር። ሊሊያን ጉዳዩን በቤቱ ልማድ መሠረት ለልጆቻቸው አቀረቡ። ባለቤታቸው በሞቱ በአምስተኛው ቀን በመርከብ ተሳፈሩ። ልጆቹ በታላቂቱ እኅታቸው ኃላፊነት በናንቱኬት ደሴት ወደሚገኘው የበጋ ቤታቸው ሄዱ፤ እናት ለባላቸው በተመደበው ቦታ ቆመው ንግግሩን አሰሙ።

ይህን ድርጊት የሰማ ሰው ልበ ደንዳናነት ነው ብሎ ሊፈርድ ይችል ይሆናል። የሐዘን ልብስ ሳይወልቅ፣ እንባ ሳይደርቅ ውቅያኖስ ማቋረጥ ለማንም እናት ቀላል አይደለም። ነገር ግን አንዳንድ ሐዘን ተቀምጠው የሚያለቅሱለት፣ አንዳንዱ ደግሞ እየሠሩ የሚሸከሙት ነው። ሊሊያን ከዚያ በኋላ በኖሩባቸው 47 ዓመታት ሌላ ባል አላገቡም። ለባላቸው ያቆሙላቸው መታሰቢያም ሥራቸው ነበር።

ከአውሮፓ ሲመለሱ የፈሩት አልቀረም። በፍራንክ ዘመን የአማካሪነት ውል የነበራቸው ድርጅቶች ብዙዎቹ ውላቸውን ሳያድሱ ቀሩ። አስቀድሞ ጥናቱን አብረው ሲሠሩ የነበሩ፣ በዶክተርነት ማዕርግም ከባላቸው የበለጡ ሴት፣ ስማቸው ብቻውን ሲቀር ዋጋው የቀነሰ መሰለ። ሊሊያን በዚህ አልተከራከሩም፤ ሌላ ዘዴ ፈለጉ። ፋብሪካዎች ሴት አማካሪ ካልተቀበሉ ሠራተኞቻቸውን ልከው ያሠልጥኑ በሚል፣ በ1925 በዚያው በመኖሪያ ቤታቸው የእንቅስቃሴ ጥናት ትምህርት ቤት ከፈቱ። ይህ ዘዴ ሁለት ጥቅም ነበረው። አንደኛ ገቢ አስገኘ፤ ሁለተኛ ደግሞ እናት ከልጆቻቸው ሳይርቁ እንዲሠሩ አስቻለ። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ እናታቸውን በቤት ያገኙ ነበር። ከሰልጣኞቹም መካከል ሜሲ ከተባለው የኒው ዮርክ ትልቅ መደብር የመጡ ስለ ነበሩ ይኸው መደብር ኋላ ደንበኛቸው ሆነ።

የዕለቱ ኑሮ በነበረው ሥርዓት ቀጠለ። እያንዳንዱ ታላቅ ልጅ አንድ ታናሽ ይጠብቃል፤ ሰንጠረዡ ይፈረማል፤ ሸንጎው ይሰበሰባል፤ ወጪው ይቀነሳል። ለአንድ ሰው ሸክም የሆነው ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጥ እንደሚሆን ሁሉ፣ አንዲትን ሴት ሊሰብር ይችል የነበረው ሥራ ለአሥራ ሁለት ሰው ሲከፋፈል የሚቻል ሆነ። በአባት ሕይወት ሳለ ጨዋታ የሚመስለው ሰንጠረዥ ትክክለኛ ጥቅሙ የታየው አባት ከሞቱ በኋላ ነው። የአባትን ድምፅ የሚተካ ነገር ባይኖርም፣ ጧት ተነሥቶ ምን እንደሚሠራ የሚያውቅ ልጅ በሐዘን ውስጥም ቢሆን የሚረግጠው መሬት አለው። እዚህ ላይ እውነቱን አለመሸሸግ ይገባል። ሥርዓቱ በነጻ አልተገኘም፤ ታላላቆቹ ልጆች ከወጣትነታቸው ጊዜ ከፍለውበታል። በቤቱም ምግብ የሚያበስልና ሥራ የሚያግዝ ቅጥር ሰው ነበር። ይህን ረዳት የሌላት ድኻ መበለት የሊሊያንን ሰንጠረዥ ብትለጥፍ ያንኑ ውጤት ታገኛለች ማለት አይደለም።

ሊሊያን ራሳቸው ምግብ ማብሰል እምብዛም አይወዱም፣ አይችሉምም ነበር። ሆኖም የወንድ ፋብሪካ ሲዘጋባቸው የገቡበት በር የሴቶች የሥራ ቦታ የሆነው ማድ ቤት ነው። በ1927 ስለ ቤት እመቤትና ስለ ሥራዋ፣ በ1928 ስለ ልጆች አስተዳደግ መጻሕፍት አሳተሙ። በ1929 ከአንድ የብሩክሊን የጋዝ ኩባንያ ጋር ሆነው አዲስ የማድ ቤት አሠራር አወጡ። ምድጃው፣ መሥሪያ ጠረጴዛውና የዕቃ መደርደሪያው አንዱ ካንዱ ተቀራርበው በሥራው ቅደም ተከተል ተቀመጡ፤ ከፍታቸውም በሠራተኛዋ ቁመት እንዲለካ ተደረገ። ለጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ባደረጉት ጥናት ትክክለኛውን ከፍታ ለማግኘት ከ4,000 የሚበልጡ ሴቶችን ጠይቀዋል። በእግር ተረግጦ የሚከፈት የቆሻሻ መጣያና በማቀዝቀዣ በር ውስጥ የሚገኘው መደርደሪያ ለእርሳቸው ከሚቆጠሩት ሥራዎች መካከል ናቸው። ልብ ብሎ ለተመለከተው ይህ ሁሉ ጡቡን እጅ በሚደርስበት ከፍታ ያስቀመጠው የፍራንክ ሐሳብ ነው፤ ከግንብ ሥራ ወደ ማድ ቤት ተሻገረ እንጂ አልተለወጠም።

ቀስ በቀስ የተዘጋው በር ተከፈተ። በ1926 የአሜሪካ መካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር አባል ሆኑ። በ1930 የኢኮኖሚው ቀውስ ሲጸና ፕሬዚዳንት ሁቨር ባቋቋሙት የሥራ ጉዳይ አስቸኳይ ኮሚቴ ውስጥ የሴቶቹን ክፍል መሩ። በ1935 በፐርድዩ ዩኒቨርሲቲ የምሕንድስና ትምህርት ክፍል ፕሮፌሰር ሆነው እስከ 1948 አስተማሩ፤ በዚያ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያዋ ሴት የምሕንድስና ፕሮፌሰርም ናቸው። አካለ ስንኩላን ወደ ሥራ የሚመለሱበትን ዘዴ፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ጀምሮ ከባላቸው ጋር የጀመሩትን ጥናት፣ እስከ እርጅናቸው ቀጠሉበት። ፍራንክ በሞቱ በ20 ዓመት፣ በ1944፣ የጋንት ሜዳልያ ለሁለቱም በአንድነት ተሰጠ። በ1965 ለአሜሪካ ብሔራዊ የምሕንድስና አካዳሚ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ፤ በ1966 የሁቨርን ሜዳልያ ከሴቶች ቀድመው ተሸለሙ። አሥራ አንዱም ልጆች ለዐቅመ አዳምና ለዐቅመ ሔዋን ደርሰው የኮሌጅ ትምህርት አገኙ።

ሊሊያን ጊልብሬዝ ጥር 2 ቀን 1972 በአሪዞና ግዛት በፊኒክስ ከተማ በ93 ዓመታቸው አረፉ። ለመሐንዲሶች ያቆዩት ትምህርት ከሰንጠረዥና ከቀመር የሰፋ ነው። አላስፈላጊ ድካም የሚቀነሰው ሰውን በበለጠ ለማሠራት ሳይሆን ለሚወደው ነገር ጉልበት እንዲተርፈው መሆኑን በመጽሐፍ ብቻ አልጻፉም፤ አሥራ አንድ ልጆች በተቀመጡበት፣ አንድ ወንበር ባዶ በሆነበት ገበታ ላይ በየዕለቱ ኖረው አሳይተዋል።