ጆርጅ ሌክላንሼና የባትሪ ድንጋይ

የእጅ ባትሪያችን ሲደክም ሱቅ ሄደን ድንጋይ እንገዛለን። ታዲያ ይህ ድንጋይ የምንለው ነገር ትውልዱ ፈሳሽ መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን? በዛሬው ዓምዳችን የሰውየውን ታሪክ ባጭሩ እናቀርብላችኋለን።

ጆርጅ ሌክላንሼ በ1839 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ውስጥ ተወለደ። ተምሮም በምድር ባቡር ኩባንያ መሐንዲስ ሆነ። ነገር ግን በናፖሊዮን 3ኛ ዘመን የነበረው ፖለቲካ አላስቀምጥ ስላለው ወደ ብራስልስ ተሰደደ። ስደት ግን ሥራ አላስፈታውም።

በዚያን ጊዜ ከነበሩት ባትሪዎች ብዙዎቹ የሚሠሩት በአሲድ ነበር። አሲዱ ሲፈስ ያቃጥላል፤ አንዳንዶቹ ባትሪዎች እንዲያውም መርዛም ጋዝ ይተፉ ነበር። ሌክላንሼ በ1866 ባስመዘገበው ባትሪ ዚንክ፣ ካርቦንና ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ ተጠቀመ፤ በአሲዱ ፈንታም አሞኒየም ክሎራይድ በውሃ በጥብጦ ጨመረ። ባትሪው 1.5 ቮልት ያህል ስለሚሰጥና ብዙ እንክብካቤ ስለማይጠይቅ የቤልጂግ ቴሌግራፍ ወዲያው ተቀበለው።

አንድ ጉድለት ግን ነበረበት። ፈሳሹ በጠርሙስ ዕቃ ውስጥ ስለሚቀመጥ ዕቃው ከተገለበጠ አበቃ! ሌክላንሼ በ1882 ፓሪስ ውስጥ ገና በ42 ዓመቱ ሞተ። ከ4 ዓመት በኋላ ካርል ጋስነር የተባለ ጀርመናዊ ፈሳሹን ከጄሶ ጋር ለውሶ በዚንክ ቆርቆሮ አሸገው። ድንጋያችን እንዲህ ተወለደ። ደረቅ ይባል እንጂ ውስጡ እርጥብ ነው፤ ጨርሶ ቢደርቅማ ባልሠራ ነበር።

ፈሳሹን የማርጋቱ ሐሳብ ዛሬም አላረጀም። የሊቲየም ብረት ባትሪ በትንሽ ክብደት ብዙ ኃይል ይይዛል። ነገር ግን ኃይል ሲሞላ ሊቲየሙ መርፌ የመሰለ ቅርንጫፍ ያበቅላል። ቅርንጫፉ በሁለቱ ዋልታዎች መካከል ያለውን መለያ ከበሳው ባትሪው ይግላል፤ ፈሳሹም ተቀጣጣይ ስለሆነ እሳት ሊነሳ ይችላል። ስለዚህ ተመራማሪዎች ፈሳሹን በፖሊመር መረብ ይዘው እንደ እርጎ ያረጉታል። አይፈስም፤ አዮኖቹ ግን ያልፋሉ። ስሙም ጄል ፖሊመር ኤሌክትሮላይት ይባላል። ሆኖም አደጋውን ይቀንሰዋል እንጂ ጨርሶ አያጠፋውም።

የደከመ ድንጋይ ፀሐይ ላይ ማስጣት ልማዳችን ነው፤ በሊቲየም ባትሪ ግን ይህን አንሞክር። ማሞቅም፣ መቀጥቀጥም፣ መክፈትም አደገኛ ነው። ነገ ክፍል ስንገባ ስለ ሌክላንሼ ስናስተምር ይህንም አብረን እናስተምር፤ ልጆቹ የወዳደቀ ባትሪ ማንሳታቸው አይቀርምና።